ዳንኤል ከመቂ እስኪመለስ

ትናንት ከሰዓት በኋላ አንሶላ አጥቤ ሽቦው ላይ ዘርግቼ፣ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ምስር ስለቅም፣ አንድ ጥቁር ነገር ብን ብሎ መጥቶ አንሶላው መሃል ላይ አረፈ። ቀጥሎ ሌላ። ቀና ብዬ ሳይ በወንጂ በኩል ሰማዩ ጭስ ለብሷል፤ ነፋሱም ወደኛ ዞሯል። ለስኳር ፋብሪካው አገዳውን ከማጨዳቸው በፊት ቅጠሉን ያቃጥሉታል፣ ጥላሸቱም አልፎ አልፎ እዚህ አዳማ ድረስ ይመጣል። (የኔ ምላስ ዛሬም ናዝሬት ነው የሚለው፤ በዚህ ዕድሜ ምላስ አይታረምም፣ እንግዲህ ቻሉኝ።) ያ የሚያንገሸግሽ ጣፋጭ የቃጠሎ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ምስሩን ወዲያ ብዬ ብድግ አልኩና "ልብስ! ልብስ!" ብዬ ጮኽኩ።

ተከራዮቼ ከየክፍላቸው ብቅ ብቅ አሉ። አንደኛዋ ስልኳን ከጆሮዋ ሳታነሳ "እማማ፣ ምን ተሰረቀ?" አለችኝ። ወይ ጉድ፣ ከየት ጀምሬ ላስረዳት! ወንጂ የሠራተኛ መንደር ስንኖር ጭሱን መጀመሪያ ያየችው ሴት "ልብስ!" ብላ ትጮኻለች፣ ጎረቤቷ ትቀበላታለች፣ ያቺ ደግሞ ለቀጣይዋ፤ ጩኸቱ ከመደዳ መደዳ እየተሻገረ መንደሩን ያዳርሳል። ሴት ወንድ ሳይባል ሁሉም እየሮጠ ከሽቦ ላይ ያወርዳል። የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ እጅህ የገባውን ታወርዳለህ፣ ኋላ ልጆች "ይሄ የናንተ ነው" እያሉ በየቤቱ ያዞሩታል። የሌላ ሰው ካናቴራ ለብሶ ሳምንት የከረመም አልጠፋም። አሁን ይህን ለዚች ልጅ ብነግራት "እሺ እማማ" ብላኝ ወደ ስልኳ ነው የምትመለሰው።

የሰማኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ባለቤቴ ተፈራ፣ ቁርሱን መብላቱን የማያስታውሰው፣ መጸዳጃ ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ በቀን ስንቴ የምመራው ተፈራ፣ በነጠላ ጫማ እየሮጠ ወጥቶ አንሶላውን ከወዲያ ጫፍ ያዘልኝ። እጁ ምንም አልረሳም። ጥላሸቱ እንዳይሰራጭ ሳያራግፍ በቀስታ አጠፈው፤ እዚያ እንደምናደርገው። "ቶሎ በይ እንጂ የሺ!" አለኝ። በስሜ ከጠራኝ ሰንብቷል። ደስ ብሎኝ ሳላበቃ ግን ሽቦውን ዳር እስከ ዳር ቃኘና "የዳንኤልን ዩኒፎርም አወረድሽው? ነገ ምን ለብሶ ሊሄድ ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። ዳንኤል ልጃችን ነው፤ ያለ እሱ ልጅ የለንም። ተማሪነቱን ጨርሶ፣ ጎልምሶ፣ የጭነት መኪና ነድቶ፣ ከሞተም ቆይቷል። "አውርጄዋለሁ፣ ግባ" አልኩት። ይህቺን አንዲት ቃል ለማለት ምን ያህል እንደራቀኝ ነው የማጫውታችሁ።

ወንጂ የሄድኩት ሳይንስ ለማስተማር፣ ገና ቀጭን ሳለሁ ነው። ቀጭን ነበርኩ ስል የሚስቁ አሉ፤ ይሳቁ። ከናዝሬት ወንጂ በአውቶቡስ ስሙኒ ነበር፤ ሾፌሩ ካወቀሽ ደግሞ "ነይ ግቢ የኛ ቲቸር" ብሎ ስሙኒውን ይተውልሻል። የድሬዳዋ ዛፍ በቀይ አበባው መንገዱን ግራና ቀኝ ይዞት ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ያለንን ለብሰን ናዝሬት እንወጣለን፤ ወንዶቹ ቴትሮን ሸሚዝና መሬት የሚጠርግ ቤልቦተም፣ እኛ ከጉልበት ከፍ ያለ ቀሚስና ተረከዙ ጠጠር ውስጥ የሚቀረቀር ጫማ። ከአውቶቡስ ወርደን በጋሪ ነበር የምንሄደው፤ ለሁለት ሰው ሽልንግ፣ ፈረሱ የደላው ከሆነ ትንሽ ይጨመራል። ባቡር ጣቢያው ጋ ሊቶሪናዋ ስትደርስ የብርቱካን ሻጮቹ መስኮቷ ላይ ሲረባረቡ ማየት ራሱ ሲኒማ ነበር። ባለፈው ሰሞን የባጃጁን ልጅ "ጋሪ ተራ አድርሰኝ" ብለው "የቱ ጋ ነው እሱ?" አለኝ። እዚያው ቆሞበት እኮ ነው የሚጠይቀኝ! በኔ ዓይን ፈረሶቹ ተደርድረው፣ ጭድና ፋንድያው ይሸተኛል፤ በሱ ዓይን የሞባይል መሸጫ ሱቅ አለ። ወርጄ በእግሬ ሄድኩ።

ከዚያ ያ ዘመን መጣ። የትኛው እንደሆነ ለሚያውቅ አይነገርም፣ ለማያውቅም ተነግሮ አያልቅም። ለኔ ያ ዘመን ማለት ካኪ ልብስና የውይይት ክበብ ነው። በየሳምንቱ ከሥራ በኋላ መምህሩም፣ መካኒኩም፣ የቢሮ ጸሐፊውም የሠራተኛው አዳራሽ ውስጥ ይሰበሰባል። የውይይቱ መሪ ከኛ ሁሉ በዕድሜ የሚያንስ፣ ባርኔጣውን ወደ ጎን ያዘመመ ልጅ ነበር። ርዕሱ ዞሮ ዞሮ ያው ነው፤ ቁስ አካል ይቀድማል ወይስ ሃሳብ? ልጁ ፊቱ ያለውን ጠረጴዛ በጡጫ ይደልቅና "ጓዶች፣ ይህ ጠረጴዛ እኛ ብናየውም ባናየውም አለ!" ይላል። እኛም ግልጽ ነው ብለን ወደ እራታችን ለመሄድ እንቁነጠነጣለን። ያ ምስኪን ጠረጴዛ ስንት ጡጫ እንደበላ! አዳራሹም ጠረጴዛውም ዛሬ የሉም።

በዚያው ሰሞን ገመቹ የሚባል የወፍጮ ክፍል መካኒክ፣ የተፈራ ጓደኛ፣ እናቱ ሁሩታ ላይ ሞቱ። መንደሩ በሙሉ ሰማ፤ ገመቹ ብቻ አልሰማም። ሚስቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን ወልዳ አራስ ነበረች፣ አራስ ቤት ለቅሶ አይገባም፤ እሷ ደንግጣ ጡቷ ቢደርቅስ? ሽማግሌዎቹ ተመካከሩና መርዶው አራሷ እስክትነሳ ይቆይ ተባለ። እንዲህ ያለ ነገር አገራችን ይችልበታል። የፈረቃ ኃላፊው ገመቹ ወደ ሁሩታ ፈቃድ በጠየቀ ቁጥር ሰበብ ፈልጎ ከለከለው፤ ሴቶቹ ሊጠይቁ ሲገቡ ሐዘናቸውን በር ላይ ትተው እየሳቁ ገቡ። ሆድ ይፍጀው ነው። ታዲያ አንድ ቅዳሜ ገመቹ ናዝሬት ወጥቶ ለእናቱ ጋቢ ገዝቶ መጣ። በየቤቱ እየዞረ ዘርግቶ አሳየን። "ለአዬ ነው፣ ሁሩታ ብርድ ነው፤ ትወደው ይሆን?" ይላል። እኔ ጥለቱን ዳስሼ "እንዴት አትወደው!" አልኩት። አጠገቤ የነበረው ተፈራ፣ ያኔ የጂኦግራፊ መምህር ነበር፣ ገና አልተጋባንም፣ ወጥቶ ሄደ።

በሚቀጥለው ውይይት መሪያችን ጠረጴዛውን ደልቆ "ጥያቄ ያለው?" ሲል ተፈራ እጁን አወጣ። ጥያቄ መጠየቅ የተለመደ አልነበረም፤ አዳራሹ ዞሮ አየው።

"ጠረጴዛውስ ይኑር" አለ። "ሁላችንም የምናውቀው ሰው አለ፣ አሁን ፈረቃ ላይ ነው። እናቱን እኛ ቀብረናቸዋል። እሱ ጋ ግን እናቱ በራቸው ላይ ተቀምጠው ይጠብቁታል፤ ጋቢ ገዝቶላቸዋል፣ ዛሬ ጠዋት ሲያፏጭ አገኘሁት። ለሱ የሚሞቱት እኛ ሄደን አፋችንን የከፈትን ቀን አይደለም ወይ? እስከዚያ ድረስ የሱን ዓለም ውሸት የኛን እውነት ያደረገው ማነው?"

ልጁ ባርኔጣውን አስተካከለና "ጓድ ተፈራ፣ ይህ ሃሳባዊነት ነው" አለ። ያኔ ይህ ቃል ቀላል ቃል አልነበረም፤ ሰው አጠገብህ ካለው ወንበር ፈቀቅ የሚልበት ቃል ነው። ነገሩ እዚያው ካልተዘጋ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም። ብድግ አልኩ። ላድነው ብዬ ነበር ብል ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሹ ግን አምኜበት ነው። "ጓድ ተፈራ ተሳስቷል" አልኩ። "ገመቹ አወቀም አላወቀም ሁሩታ ላይ አፈሩ አለ። እውነት የሰው እንባ አትጠብቅም!" አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ተፈራ እየተቀመጠ፣ እኔ ብቻ እንድሰማው ያህል፣ "አፈሩስ አለ። እኔ ስለ አፈር መች ጠየቅኩ?" አለ። በሳምንቱ ግለ ሂስ አደረገ፤ ሃሳባዊ ነበርኩ፣ ታርሜያለሁ አለና ወደኔ ዞሮ ጠቀሰኝ። መንደሩ "ሃሳባዊው" ብሎ ስም አወጣለት። እኔም፣ ምን ይደረግ፣ ሃሳባዊውን አገባሁት። ወጡ ጨው አንሶታል ባለኝ ቁጥር "ሃሳብህ ውስጥ ጨምርበት" እለው ነበር፣ እሱም እየሳቀ ይበላል።

የገመቹ አራስ ስትነሳ መርዶው ደረሰ። እንደ ወጉ ጎህ ሳይቀድ ተሰብስበን፣ ሴቶቹ ነጠላችንን አዘቅዝቀን፣ ሽማግሌዎቹ ከፊት ሆነው ሄድን። በሩ ተንኳኳ። "ማነው?" አለ ገመቹ ከውስጥ። "እኛ ነን፣ ክፈት" አሉት። በዚያ ሰዓት፣ ያን ሁሉ እግር ደጁ ላይ ሲሰማ፣ ያገር ሰው ነውና ገባው። በሩን አልከፈተም። ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ሲደገፈው ሳንቃው ሲንቋቋ ሰማን። "አትንገሩኝ!" አለ። "ማን እንደሆነች አትንገሩኝ። ትንሽ ቆዩ። ፀሐይ እስክትወጣ ትቆይልኝ።" ከኛ ውስጥ በሩን የገፋ የለም። ብርድ ላይ ቆምን፣ የፋብሪካው ሳይረን ጮኸ፣ ፈረቃ ተቀየረ፣ ፀሐይ በቀስታ ወጣች። ያኔ ራሱ ከፈተው። ያንን ጋቢ ለብሶት ነበር።

ስንመለስ ተፈራ "አላልኩሽም?" ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አላለኝም። ቦዩን ይዘን ሄድን። እኔም በሐሳቤ አልተነቀነቅኩም። ልጆቹን ሳስተምር ኖርኩ፤ ሻማው ማንም በሌለበት ክፍል ውስጥም ይነዳል፣ አገዳው ሰው ሳያየው ያድጋል። ዛሬም ጠይቁኝ፣ ይህንኑ ነው የምላችሁ።

ዳንኤል ትምህርቱን ባይገፋበትም ሥራ ወዳድ ልጅ ወጣው። እኛ ጡረታ ወጥተን ናዝሬት ስንገባ እሱ አይሱዙ ይዞ ከመቂ ሽንኩርትና ቲማቲም ወደ አዲስ አበባ ያመላልስ ጀመር። መቂ ላይ ደላሎቹ ሲያዋክቡት ውሎ፣ ጭኖ፣ ቆቃ ሲደርስ ይደውላል። "አባባ፣ ቆቃ ደርሻለሁ፣ ዓሣ ልያዝላችሁ?" ሁልጊዜ ይህችው ናት። እኔ ዓሣ አልወድም፣ አጥንቱ ያስጠላኛል፤ ግን ያዝ እንለዋለን፣ ከመንገዱ ታጥፎ ለአምስት ደቂቃ ገብቶ ፊቱን ያሳየናል። አንድ ቀን አልደወለም። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ብዙ እግር ደጃችን ላይ ሰማን። ተፈራ በአንድ እርምጃ ደርሶ በሩን ብርግድ አድርጎ ከፈተው። "በሉ ንገሩኝ" አለ። ሃሳባዊው ባሌ እንደዚያ ነው መርዶውን የተቀበለው። እኔ ነኝ የወደቅኩት።

ከዚያ ስንት ዓመት እንደሆነ አልቆጥርም። ተፈራ መርሳት ሲጀምር መነጽሩን፣ ቁልፉን፣ የጎረቤት ስም ነበር። ቀጥሎ አንድ ቀን ምሳ ላይ ሰዓቱን አየና "ይህ ልጅ እስካሁን ቆቃ አልደረሰም? አልደወለም እኮ" አለኝ። "ተፌ፣ ዳንኤል እኮ ሞቷል" አልኩት። አየኝ። ቀስ ብሎ ተነሳ፣ ደረቱን መታ። "መቼ? ለምን አልነገራችሁኝም? ልጄን ለብቻችሁ ቀበራችሁት?" ያን ለቅሶ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! አሮጌ ሐዘን አልነበረም፣ ትኩስ ነው፣ ያኔ በሩን የከፈተ ጊዜ የዋጠው ሁሉ ተመልሶ የወጣ ነው የሚመስለው። ሲነጋ ደህና ነው፤ ቁርሱን በላ፤ እኩለ ቀን ላይ ሰዓቱን አየ። "ዳንኤል አልደወለም?" እንደገና ነገርኩት። እንደገና ሞተበት። እንዲህ ሆነን ከረምን። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እኔም ይህንኑ ጠበቅኩ፣ ደጋግሜ ብነግረው አንድ ቀን ይዞት ያድራል ብዬ። ባሌን መዋሸት ነውር መሰለኝ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላን ምን ቀረን፣ አንድም ቀን ዋሽቼው አላውቅም።

ገመቹ እዚሁ ናዝሬት ነው ያለው፤ ዛሬ እሱም ምርኩዝ ይዟል። አንድ ቀን "አካም ኦልተን!" ብሎ ሰላም እያለ ሊጠይቀን ገባ፤ የተፈራ ለቅሶ ላይ ደረሰ። ደግፎ አስተኛው፣ ጫማውን አወለቀለት፣ በረንዳ ላይ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

"የሺ፣ ስንት ጊዜ ነግረሽዋል?"

"በጠየቀኝ ቁጥር።"

"ያ ዋቃ! ይህ የት አገር ነው የሚደረገው? መርዶ ተመክሮበት፣ ሰው ተሰብስቦ፣ አንዴ ነው የሚነገረው። አንቺ ብቻሽን፣ በባዶ ቤት፣ ምሳ ላይ?"

"ታዲያ ልዋሸው?" አልኩት፣ ጮኽኩበት እንጂ አልኩት አይባልም። "ልጄ በሕይወት አለ ልበለው? አፈሩን በእጄ አልበተንኩም?"

"እኔንስ ዋሽታችሁኝ አልነበር?" አለ ገመቹ። "ጋቢውን 'እንዴት አትወደው' ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም? ያን ሁሉ ቀን እኔ ከእናቴ ጋር ነበርኩ፣ የሺ። እናንተ ናችሁ የሰጣችሁኝ። ያ ውሸት ነበር በዪኝና ልመንሽ።"

አዳራሹን ያስጨበጨብኩት ሴትዮ ቡና ላፈላለት ተነሳሁ።

በማግስቱ ተፈራ ሰዓቱን አየ። "ዳንኤል አልደወለም?" "ደውሏል፣ ቆቃ ደርሷል" አልኩት። "ዓሣስ ይዟል ወይ?" አለኝ። "ይዟል።" ፊቱ በራ። ወንበሩን ወደ በሩ አዙሮ ተቀመጠ፣ ትንሽ ቆይቶ እንቅልፍ ወሰደው። እኔ ጓዳ ገብቼ አፌን በነጠላዬ ይዤ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ ተፈራ ሰላም ነው። ያልተወራልኝ የኔ ነገር ነው። በፊት ልጄን ሁለት ሆነን ነበር የምናለቅሰው፤ አሁን እዚህ ቤት ውስጥ ዳንኤል የሞተው ለኔ ብቻ ነው። እሱ ወንበሩ ላይ ልጁን ይጠብቃል፣ እኔ አጠገቡ ሐዘን ተቀምጫለሁ፤ በመካከላችን አንድ ሰሃን ምስር አለ። አንዳንዴ ስልክ ሲጮህ ልቤ ዘሎ ይነሳል፤ የማን ልብ እንደሆነ እንጃ። ሁለታችንም የሄድን ቀንስ? መቂ የሽንኩርት መኪና ይጫናል፣ ቆቃ ዓሣው ይሸጣል፣ ልጄን ግን በሕይወት አለ የሚልም ሞቷል የሚልም ሰው አይኖርም። አፈሩ ይኖራል። ግን አሁን እኔም ስለ አፈር አልጠይቅም። ተፈራ "ስለ አፈር መች ጠየቅኩ" ያለኝ ዕለት ይህን ነበር ለካ የሚለኝ፤ ዛሬ ገብቶኝ ልነግረው ብፈልግ እሱ ያን አዳራሽ ረስቶታል።

ትናንት ከልብሱ ግርግር በኋላ ሁለታችንም ደክመን በጊዜ ተኛን፤ የግቢውን በር መቀርቀር ረስቼዋለሁ። ወተት የምታመጣልን ልጅ ሌላ ጊዜ ከውጭ በር ላይ ሆና ነው የምትጣራው። ዛሬ ሁሩታ ሰርግ ስላለባት ገና ሳይነጋ መጣች፣ በሩ ክፍት ሲሆንባት ከእህቶቿ ጋር ዘልቃ ገብታ የመኝታ ቤታችንን በር አንኳኳች። ብዙ እግር ነበር። ነቅቼ ነጠላዬን ስፈልግ ተፈራ ከአልጋው ወርዷል። የሄደው ሊከፍት መስሎኝ ነበር። ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ፣ ሁለት እጁን ግራና ቀኝ ዘርግቶ ቆመ።

"አትክፈቺ" አለኝ። "ዳንኤል ነው። ሊነግሩን ነው የመጡት።"

"እማማ የሺ፣ ወተት ነው!" አለች ልጅቱ ከውጭ።

እሱም ሰምቷታል፤ ግን ከበሩ ፈቀቅ አላለም። ዓይኑ እኔ ላይ ነው። "ትንሽ ይቆይልን" አለ።

ወተት መሆኑን አውቃለሁ። ከበሩ ወዲያ ጀሪካን የያዘች ልጅ መኖሯን እኔ ሳይንስ ያስተማርኩት ሴትዮ አውቃለሁ። ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ፣ እኔም ጀርባዬን ለበሩ ሰጠሁ፣ የተዘረጋው እጁ ትከሻዬ ላይ አረፈ።

"ልጄ፣ ፀሐይ ስትወጣ ተመለሺ" አልኳት።